ለኑሯችን የሚሆን የስፖርት ፕሮግራም እንዴት እንምረጥ? በሓድነት ከተሠራውና ከታየው



በየዓመቱ ትምህርት ሲጀመር ስፖርት የሚጀምረው ተማሪ ብዙ ነው፤ ሚድ ሲደርስ የሚቀረው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። ያቋረጠውን ምክንያቱን ብትጠይቁት «ሰነፍኩ» ይላችኋል። በሓድነት ክፍለ ከተማ ተከራይተን የምንኖርና ከዐስር ሶላት በኋላ በአንድ ግቢ ተሰብስበን ስፖርት የምንሠራ ተማሪዎች ያየነው ከዚህ ይለያል። አብዛኛው ሰው የሚያቋርጠው የያዘው ፕሮግራም ለእሱ ኑሮ ያልተሠራ ስለሆነ ነው። አምስት ወቅት የሚሰግድ፣ በካፌ ምግብ የሚያድር፣ ሰኞና ሐሙስ የሚጾም፣ ፈተና የሚጠብቀው ተማሪ፣ ስፖርት ዋና ሥራው የሆነ ሰው የሚከተለውን ፕሮግራም ከስልኩ ቀድቶ ይጀምራል። ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ከዚያ ወይ ጉልበቱን ያመዋል፣ ወይ ጥናቱ ይጎዳል፣ ወይ ጀማዓ ያመልጠዋል። በመጨረሻም «ስፖርት ለኔ አይሆንም» ብሎ ይደመድማል።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ለራስ የሚሆን የጥንካሬ ስፖርት ፕሮግራም እንዴት በልምድ እንደሚመረጥ ነው። መልሱን በአጭሩ ከወዲሁ እናስቀምጠው፦ ቀላል ፕሮግራም ይዞ መጀመር፣ የሠሩትን መጻፍ፣ ስምንት ሳምንት መታገሥ፣ ከዚያም ደብተሩ በሚያሳየው መሠረት አንድ ነገር ብቻ መቀየር። ዝርዝሩን በየተራ እንየው።

1. በመጀመሪያ ዓላማን መለየት

ኒያው ያልታወቀ ሥራ መመዘኛ የለውም። መቀሌ ስፖርተኛ የምታውቅ ከተማ ናት። የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ እ.ኤ.አ. በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የብስክሌት ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው። ከትግራይ የወጣችው ለተሰንበት ግደይም እ.ኤ.አ. በ2022 በ10,000 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆናለች። የሁለቱም ሰውነት ቀጭን ነው፤ ምክንያቱም ሥራቸው የሚፈልገው እሱን ነው። ትልቅ ደረት ለብስክሌተኛ ዳገት ላይ የሚሸከመው ተጨማሪ ዕቃ ነው። ስለዚህ «ጥሩ ፕሮግራም የቱ ነው?» ከማለታችን በፊት «ለምን?» ማለት ይቀድማል።

የአብዛኛው ተማሪ ፍላጎት ሲጨመቅ ይህን ይመስላል፦ ለረጅም ሰዓት ተቀምጦ ሲያጠና ወገቡ እንዳይታመም፣ ዕቃ ሲያነሳ እንዳይደክም፣ ሰውነቱ እንዲጠነክርና ትንሽም እንዲሞላ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ ከዚያ በተጨማሪም ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ እንዲሠሩ ይመክራል። ከቤት ወደ ግቢ በእግር የሚመላለስ ተማሪ የመጀመሪያውን ሳያስበው ሊያሟላው ይችላል። ሁለተኛው ግን በእግር ጉዞ አይገኝም። ስድስት ቀን ሳይሆን ሁለት ቀን መባሉንም እናስተውል።

2. አንድ ሐኪም ከልምድ የተማረው

ዛሬ በየጂሙ የሚሰማው «ሦስት ዙር፣ አሥር አሥር» የሚለው አባባል ታሪክ አለው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ ጦር ሆስፒታሎች በተጎዱ ወታደሮች ተጨናንቀው ነበር። በዘመኑ የተለመደው ማገገሚያ ቀላል ክብደትን ብዙ ጊዜ ማንቀሳቀስ ሲሆን ውጤቱ ይዘገይ ነበር። ቶማስ ዴሎርም የተባለ ወጣት የጦር ሐኪም ከዚህ በፊት እሱ ራሱ ታሞ ሲያገግም ብረት በማንሳት አቅሙን የመለሰ ሰው ነበር። ይህን ልምዱን ይዞ ወታደሮቹን ከበድ ያለ ክብደት በጥቂት ድግግሞሽ ማሠራት ጀመረ፤ ክብደቱንም አቅማቸው በጨመረ ቁጥር ይጨምርላቸው ነበር። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1945 አሳተመ።

ለእኛ የሚጠቅመው ቀጥሎ የመጣው ነው። ዴሎርም መጀመሪያ ያዝዝ የነበረው ከሰባት እስከ አሥር ዙር ነበር። ሕመምተኞቹን እየተከታተለ፣ ቁጥሩን እየመዘገበ ሲሄድ ይህ ከሚያስፈልገው በላይ መሆኑን አየ። እ.ኤ.አ. በ1948 ከአርተር ዋትኪንስ ጋር ባወጣው ጽሑፍ ወደ ሦስት ዙር አወረደው። የመጀመሪያው ዙር ሰውየው አሥር ጊዜ ብቻ ማንሳት በሚችለው ክብደት ግማሽ፣ ሁለተኛው በሦስት አራተኛው፣ ሦስተኛው በሙሉው ይሠራል።

ከዚህ ሁለት ትምህርት እንወስዳለን። አንደኛ፣ ጥንካሬ የሚመጣው ክብደቱ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨምር ነው። ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክብደት የሚሠራ ሰው ያለውን ያቆያል እንጂ አያድግም። ሁለተኛ፣ ባለሙያው ራሱ ትክክለኛውን መጠን ያገኘው እየሠራና እየመዘገበ ነው። ፕሮግራም ተመርጦ የሚያልቀው ከመጀመር በፊት አይደለም፤ ምርጫው በሥራው ውስጥ ይቀጥላል።

3. ሦስት ዓይነት ፕሮግራም በእኛ ሳምንት ሲመዘን

በመካከላችን ሦስት ዓይነት ፕሮግራም ተሞክሯል።

*ሀ. የስድስት ቀን ፕሮግራም።* ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ትከሻ እያለ እያንዳንዱን የሰውነት ክፍል በሳምንት አንድ ቀን የሚያሠራ ነው። በስልክ ላይ በብዛት የሚታየው ይህ ነው። ችግሩ አንድ ቀን ሲያመልጥ ይገለጣል። ሐሙስ የእግር ቀን ከሆነና ሐሙስ ጾመኛ ከሆናችሁ፣ ወይም ለቅሶ ከሄዳችሁ፣ እግር እስከሚቀጥለው ሳምንት አይሠራም። በተማሪ ሳምንት ደግሞ ቀን አያመልጥም ማለት ዘበት ነው።

*ለ. የአራት ቀን ፕሮግራም።* ሁለት ቀን ከወገብ በላይ፣ ሁለት ቀን ከወገብ በታች። እያንዳንዱ ክፍል በሳምንት ሁለቴ ይሠራል። ቢያንስ ስድስት ወር የሠራና ሰዓቱ የተደላደለለት ሰው በሚገባ ይጠቀምበታል።

*ሐ. የሦስት ቀን ሙሉ ሰውነት ፕሮግራም።* በእያንዳንዱ ቀን ሁሉም ዋና ዋና ክፍል ይሠራል። አንድ ቀን ቢያመልጥ እንኳ ሁሉም ክፍል ሁለቴ ተሠርቷል፤ ይህም የዓለም ጤና ድርጅት የመከረውን ያሟላል። ለጀማሪ ተማሪ ይህን የምንመርጠው ከሌሎቹ «ኃይለኛ» ስለሆነ ሳይሆን የጎደለ ሳምንትን ስለሚችል ነው።

ቀኖቹንም ከኢባዳችን ጋር እናስማማ። እሑድ፣ ማክሰኞና ዓርብ ብንይዝ ሰኞና ሐሙስ ለጾም ነጻ ይሆናሉ፤ በቀኖቹ መካከልም ቢያንስ 48 ሰዓት ዕረፍት ይገኛል። ጡንቻ የሚጠነክረው በዕረፍቱ ጊዜ ነውና ይህ ክፍተት የፕሮግራሙ አካል ነው። ሰዓቱን በተመለከተ ከዐስር እስከ መግሪብ በመቀሌ ከሁለት ሰዓት በላይ አለ። ፕሮግራሙ 45 ደቂቃ ከወሰደ፣ ታጥቦና ልብስ ቀይሮ መግሪብን በጀማዓ ለመድረስ ይበቃል። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፕሮግራም ግን በየቀኑ ከአዛኑ ጋር ያጋፋናል።

4. በጀሪካን የሚጀመር ፕሮግራም

የጂም ክፍያ የሌለው ተማሪ ክብደት አያጣም። የመቀሌ የውሃ ችግር ባለ 20 ሊትሩን ጀሪካን የየቤቱ ዕቃ አድርጎታል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው። ስለዚህ ጀሪካን በአንድ አንድ ኪሎ የሚጨመርበት፣ ልኩ የታወቀ ክብደት ነው። በየሰፈሩ በወተት ጣሳና በብረት ቧንቧ የሚሠራው የሲሚንቶ ብረትም ጥሩ ነው፤ ሆኖም ስንት ኪሎ እንደሆነ በሚዛን ካልታየ፣ ቀስ በቀስ መጨመርም ካልተቻለ እድገትን መለካት ያስቸግራል። በጀሪካኑ ውስጥ ያለውም ውሃ አይባክንም፤ ስንጨርስ ለውዱእና ለልብስ ይውላል።

አምስት እንቅስቃሴዎች ይበቃሉ፦

1. ስኳት፦ ጀሪካኑን ደረት ላይ አቅፎ ቁጢጥ እስከማለት ወርዶ መነሳት። ተረከዝ ከመሬት አይነሳም።
2. ፑሽ አፕ፦ ያልቻለ በግድግዳ፣ ከዚያ በጠረጴዛ ጠርዝ፣ ከዚያ በመሬት።
3. መሳብ፦ ከወገብ ጎንበስ ብሎ፣ ጀርባን ቀጥ አድርጎ፣ ጀሪካኑን ወደ ሆድ መሳብ። የሚንጠለጠሉበት ብረት ካለ ፑል አፕ።
4. ዴድሊፍት፦ ጀሪካኑን በሁለቱ እግሮች መካከል አድርጎ፣ ጀርባን ሳይቆለምሙ ከመሬት አንስቶ ቀጥ ብሎ መቆም።
5. ተሸክሞ መሄድ፦ በሁለት እጅ ሁለት ጀሪካን ይዞ፣ ቀጥ ብሎ 40 እርምጃ።

ከ1 እስከ 4 ያሉትን በሦስት ዙር፣ በእያንዳንዱ ዙር ከ8 እስከ 12 ድግግሞሽ እንሥራ። ተሸክሞ መሄዱን ሦስት ጊዜ። «ሁለት ልጨምር እችል ነበር» በምንልበት ላይ እንቁም፤ ጀማሪ እስኪወድቅ መሥራት አያስፈልገውም። በሦስቱም ዙር 12 ስንሞላ በሚቀጥለው ቀን አንድ ወይም ሁለት ሊትር እንጨምር። በግማሽ የተሞላ ጀሪካን ውሃው ስለሚወዛወዝ ወደ ሰውነት አስጠግቶ መያዝ ያስፈልጋል።

ከቆላ ለመጡ ተማሪዎች አንድ ማሳሰቢያ አለን። መቀሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻ ወደ ሩብ በሚጠጋ መጠን ያንሳል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ትንፋሽ ቢያጥር የጡንቻ ድክመት አይደለም። በዙሮች መካከል ዕረፍቱን ከሁለት ወደ ሦስት ደቂቃ ማስረዘም ይበቃል።

5. ደብተሩ ይምረጥ

የዚህ ትምህርት ልብ እዚህ ላይ ነው። ከትምህርት ደብተራችን የመጨረሻ ገጾች ላይ በየቀኑ አንድ መስመር እንጻፍ። ለምሳሌ፦

«ማክሰኞ። ስኳት፣ 12 ሊትር፣ 12፣ 11፣ 9። እንቅልፍ 6 ሰዓት። ቀኝ ጉልበት ደህና።»

ይህን መጻፍ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስምንት ሳምንት በሦስት ቀን 24 ቀን ነው። በመጨረሻው ላይ ደብተሩን ከፍተን አራት ጥያቄ እንጠይቅ።

*ከ24ቱ ቀን ስንቱን ሠራን?* ከ18 በታች ከሆነ ፕሮግራሙ ለኑሯችን ይበዛል ማለት ነው። ቀኑን ወደ ሁለት እናውርድ። ለሁለት ቀን የታሰበን ሁለት ቀን መሥራት፣ ለስድስት ቀን ታስቦ ሁለት ቀን ከመሥራት ይሻላል፤ የመጀመሪያው ሙሉ ሰውነትን ይነካል፣ ሁለተኛው ደረትና ጀርባ ላይ ይቀራል።

*ቁጥሩ እየጨመረ ነው?* እየጨመረ ከሆነ ምንም አንቀይር። ጓደኛችን አዲስ ፕሮግራም ስላመጣ ብቻ የሚሠራልንን መተው ምክንያት የለውም።

*ቆሟል?* ሦስት ሳምንት ሙሉ ካልጨመረ መጀመሪያ እንቅልፍንና ምግብን እንይ። በደብተሩ ላይ «እንቅልፍ 4 ሰዓት» የሚል ከበዛ ችግሩ ፕሮግራሙ ላይ አይደለም። እነሱ ደህና ከሆኑ አንድ ዙር መጨመር ወይም ወደ አራት ቀን ማለፍ ይቻላል።

*የሚያም ቦታ አለ?* በአንድ እንቅስቃሴ ላይ ብቻ ሁልጊዜ የሚያም ከሆነ ያንን አንዱን እንለውጠው። ሌላው ይቀጥል።

በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ መቀየር የሚያስፈልገው ለምንድን ነው? ቀኑንም፣ ክብደቱንም፣ ምግቡንም በአንድ ሳምንት የቀየረ ሰው ለውጥ ቢያገኝ የትኛው እንደጠቀመው፣ ቢታመም የትኛው እንደጎዳው አያውቅም። በላብራቶሪ የምንማረው ሕግ በሰውነታችንም ይሠራል።

በዲናችንም ጥቂት ሆኖ የሚዘወተር ሥራ ያለውን ቦታ ሁላችንም እናውቀዋለን። በስፖርትም የታየው ይኸው ነው።

6. ምግብና «ዱቄት»

እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ፣ 49 ጥናቶችን ያጠቃለለ ሥራ እንዳሳየው፣ ጡንቻ ለመገንባት የፕሮቲን ጥቅም በአማካይ በቀን በአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት 1.6 ግራም አካባቢ ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በላይ መብላት ብዙም አይጨምርም። 60 ኪሎ ለሚመዝን ተማሪ 96 ግራም ማለት ነው። የካፌው ሽሮና ምስር ከዚህ ጥሩ ድርሻ ይሰጣሉ፤ 100 ግራም ደረቅ ምስር 24 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው። የቀረውን በሁለት እንቁላል (12 ግራም ያህል)፣ በአንድ መቶ ግራም የሽምብራ ቆሎ (20 ግራም ያህል) ወይም በለውዝ መሙላት ይቻላል። በቆርቆሮ የሚሸጠው የፕሮቲን ዱቄት የተዘጋጀ ምግብ ነው እንጂ መድኃኒት አይደለም። የቤት ኪራይ ያለበት ነን ካፌ ተማሪ እሱን ለመግዛት ከምሳው መቀነስ የለበትም።

«ቶሎ የሚያፈነዳ» እየተባለ በጆሮ የሚነገረው መርፌና ክኒን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ የወንድ ሆርሞን ዓይነቶች ናቸው። ከውጭ ሲገባ ሰውነት የራሱን ማምረት ይቀንሳል፤ ዘር ፍሬ ይመነምናል፣ የመውለድ አቅም ይጎዳል፣ ልብና ጉበትም ይጎዳሉ። ሰውነት አማና ነው። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይህን የሚያቀርብላችሁ ሰው አሰልጣኝ ቢሆንም አትስሙት።

7. እህቶች

«ብረት ካነሳሁ እንደ ወንድ እሆናለሁ» የሚለው ፍርሃት መሠረት የለውም። ጡንቻን በብዛት የሚያሳድገው ቴስቶስቴሮን በሴት ሰውነት ውስጥ ከወንድ እጅግ ያነሰ ነው። የሚገኘው ጥንካሬና የአጥንት ጥንካሬ ነው፤ አጥንት ደግሞ በወጣትነት ያልተከማቸውን በእርጅና አያገኘውም። ከላይ ያለው ፕሮግራም ሜዳም ጂምም አይፈልግም። በዶርም ክፍል ውስጥ፣ በር ተዘግቶ፣ ሁለት ሦስት ሆኖ ይሠራል። ለእህቶች ፕሮግራም ሲመረጥ «የት ነው የምሠራው?» የሚለው ጥያቄ «ምን ልሥራ?» ከሚለው ይቀድማል፤ ቦታው ከሌለ ጥሩው ፕሮግራምም ወረቀት ላይ ይቀራልና። ጀማዓችንም ይህን እንደ ራሱ ጉዳይ ይዞ ለእህቶች የተለየ ሰዓትና ቦታ ማመቻቸት ይኖርበታል።

8. ረመዷንና ፋይናል

ብዙ ሰው በእነዚህ ሁለት ወቅቶች ሁሉንም ይጥላል፤ ሲመለስም ካቆመበት ክብደት ጀምሮ ይጎዳል። የተገነባን ጥንካሬ ለማቆየት ግን ለመገንባት ከሚያስፈልገው እጅግ ያነሰ ሥራ ይበቃል። ክብደቱ ካልቀነሰ በሳምንት አንድ ቀን እንኳ ለሳምንታት ያቆያል። በመቀሌ የጾሙ ርዝመት እንደ ወቅቱ ከ12 ሰዓት ተኩል እስከ 14 ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ስለዚህ በረመዷን ቀኑን ወደ ሁለት፣ ዙሩን ወደ ሁለት እናውርድ፤ ክብደቱን እናቆየው። ከተራዊሕ በኋላ መሥራት ውሃ ለመጠጣት ያመቻል። ከመግሪብ በፊት የሚሠራ ሰው የመጨረሻውን ግማሽ ሰዓት ይምረጥ፣ ራሱንም አያጨናንቅ። ራስ ካዞረ ማቆም ነው። በፋይናል ሳምንትም ሕጉ ተመሳሳይ ነው፦ አንድ ቀን፣ ሁለት ዙር፣ ግማሽ ሰዓት።

9. መቼ እናቁም?

ከሥራ በኋላ ባለው ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ጡንቻ ላይ የሚሰማ ሕመም የተለመደ ነው። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ ወይም ከወገብ ወደ እግር የሚወርድ ሕመም ግን ማቆምንና መታየትን ይጠይቃል። በተለይ ይህን አንዘንጋ፦ ሳይለምድ በአንድ ቀን እጅግ ብዙ የሠራ ሰው ጡንቻው በኃይል ካበጠና ሽንቱ እንደ ኮካ ከጠቆረ፣ የተጎዳ ጡንቻ ኩላሊትን እየጎዳ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መሄድ አለበት። እስኪነጋ አይጠበቅም።

በጦርነቱ ጊዜ የቆሰላችሁ፣ በሰውነታችሁ ውስጥ ፍንጣሪ የቀረባችሁ ወይም አጥንታችሁ በብረት የተያዘ እህቶችና ወንድሞች ይህ ትምህርት ለእናንተም ነው። የዴሎርም ሥራ የተጀመረው እንደናንተ ባሉ ሰዎች ላይ ነው። የመጀመሪያው እርምጃችሁ ግን የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማማከር ይሁን፤ የትኛው እንቅስቃሴ እንደሚፈቀድላችሁ እሱ ይንገራችሁ። ከዚያ በአንድ ሊትርም ቢሆን ይጀመራል።

ለውይይት

በየዶርሙና በየቤቱ ስትሰባሰቡ በእነዚህ ላይ ተወያዩ፦

- በሳምንታችሁ ውስጥ በእርግጥ የማይነካ 45 ደቂቃ በየትኞቹ ቀኖች አለ?
- ከዚህ በፊት ያቋረጣችሁት ፕሮግራም የትኛውን የኑሯችሁን ክፍል አላገናዘበም ነበር?
- በአካባቢያችሁ እህቶች የሚሠሩበት ቦታና ሰዓት አለ? ከሌለ ማን ምን ያድርግ?

በሚቀጥለው እሑድ አንድ ጀሪካንና አንድ እስክሪብቶ ይዘን እንጀምር። ስምንት ሳምንት ሲሞላ ደብተራችንን ይዘን ተገናኝተን እንወያይ፣ ኢንሻ አላህ። አላህ በጤናችን፣ በጊዜያችንና በዕውቀታችን በረካ ያድርግልን። አሚን።